የቄስ እንዳላማው ጥም

አጸደ ማረፏን የነገረኝ ከዳባት እህል እየጫነ ጎንደር የሚመላለስ ሾፌር ነው። «ያች የጽድ አምባዋ፣ የቄስ እንዳላማው ባለቤት፤ ትናንትና ቀበርናት» አለኝ የማኪናውን ጎማ በእግሩ መታ መታ እያደረገ። ወሬው ለእኔ ምን እንደሆነ እሱ ምን ያውቃል? እግዜር ይማራት አልኩና ወደ ቤቴ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ለዚያች ሴት የምነግራት አንድ ነገር ነበረኝ። ዛሬ ነገ ስል ጠጉሬ ሸበተ፣ ጡረታ ወጣሁ፣ እሷም ሄደች። አሁን የቀረኝ ለማያውቀኝ ሰው መናገር ብቻ ነው። ስለ እሷ ከመናገሬ በፊት ግን ስለ ባሏ መናገር አለብኝ፤ ቀን ከሌት ከዓይኔ የማይጠፉት እሳቸው ናቸውና።

ቄስ እንዳላማው የንስሐ አባቴ ነበሩ። ያን ጊዜ እኔ ጎንደር የድሬሰርነት ትምህርቴን ጨርሼ ወገራ ደጋ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ክሊኒክ የተመደብኩ፣ ነጭ ጋዋኔን በየሁለት ቀኑ የማሳጥብ ጉረኛ ነበርኩ። ጣልያን ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የጃንሆይ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከሥዕሉ ሥር መርፌ የምቀቅልበት ምድጃ አለ። ከዚያ ሽቅብ የአንድ ሰዓት መንገድ ሲወጡ ጽድ አምባ ሚካኤል ይገኛል። ቄሱ የሚቀድሱት እዚያ ነበር።

ሰውዬው ከፍታ ይወዱ ነበር። ዛፍ ይወጣሉ፣ ገደል ይወጣሉ፤ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ሲጠፋ ጥምጥማቸውን አውልቀው እሳቸው ይሰቅላሉ። የደብሩ አለቃ፣ ደረቅ ግን ቅን ሽማግሌ ነበሩ፣ «ቄስ የሚያምርበት መሬት ላይ ነው» ብለው ሲቆጧቸው «ጸሎቴ መንገድ እንዳይበዛበት ብዬ ነው አባ» ይሉ ነበር። ጢማቸው ደረታቸውን ይሸፍናል። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ለሰው ሁሉ ስም ያወጣሉ፤ እኔን «አያ ኪኒን» አሉኝ። አያ የሚባለው ታላቅ ሰው ነው፤ እኔ ግን ታናሽ ወንድማቸው ልሆን የምችል ነበርኩ። መንደሩ ሁሉ ስሙን ተቀበለው፤ እስከ ዛሬ እዚያ አገር የክርስትና ስሜን የሚያውቅ የለም።

ንስሐ ስገባ ግን ቀልድ የለም። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ጨረስኩ ስል «ሌላስ?» ይላሉ። በዚያች «ሌላስ» ያልደበቅሁት መስሎኝ የደበቅሁትን ሁሉ ያወጡት ነበር። ውሸት የሚባል ነገር በአፋቸው አልፎ አያውቅም። ወንድማቸው ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ሲከራከር ለምስክርነት ተጠርተው «ድንጋዩን ያዛወረው ወንድሜ ነው» ብለው መሰከሩ፤ ወንድምየው ከዚያ ወዲያ ቤታቸውን አልረገጠም። «አይቆጭዎትም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ይቆጨኛል እንጂ፤ ወንድሜን እወደዋለሁ» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

የወደቁት የቤተ ክርስቲያኑ ሣር ክዳን በቆርቆሮ ሊለወጥ ሲል ነው። ሣሩ ከመነሣቱ በፊት ጫፉ ላይ ያለው ጉልላት፣ ከነመስቀሉና ከነሰጎን እንቁላሎቹ፣ መውረድ አለበት። ጉልላት ደግሞ ካህን እንጂ ሌላ ሰው አይነካውም። ከደብሩ ካህናት መካከል ያን ጣሪያ የሚወጣ ማን ሊሆን ነው? ቄስ እንዳላማው ሦስት ጊዜ ሰግደው፣ ወገባቸውን በመቀነት አጥብቀው ወጡ። ጉልላቱን በገመድ አስረው ቀስ አድርገው አወረዱት፤ አንዲት እንቁላል እንኳ አልተሰነጠቀችም። ሴቶቹ እልል አሉ። እሳቸው እጃቸውን አውለብልበው ሊወርዱ ሲሉ አንድ የበሰበሰ ወራጅ ከእግራቸው ሥር ተሰበረ። ራሳቸው ከደጁ ድንጋይ ላይ አረፈ።

ተጠርቼ ስደርስ በአፍንጫቸው ደም ይወርድ ነበር። ሦስት ቀን ነፍሳቸውን አያውቁም። በአራተኛው ቀን ዓይናቸውን ገለጡና «ውሃ» አሉ። አጸደ በቅል ሰጠቻቸው፤ ጨረሱት። ደገመች፤ ጨረሱት። እስኪመሽ አንድ እንስራ ውሃ ጠጡ፤ የጠጡትን ያህል ደግሞ ይሸኑታል። እኔ ደማቸው ስለፈሰሰ ነው አልኩ፤ ምክንያት መስጠት እንጂ አላውቅም ማለት የማልወድበት ዘመን ነበር።

ጥሙ ጥቂት ወራት ቆይቶ በረደ። ሁላችንም ዳኑ ብለን ደስ አለን። ጥሙ ሲበርድ ግን ሰውየውም አብረው በረዱ። እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ሁለት ጋቢ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ። ንግግራቸው ዘገየ። ፊታቸው ሰም መሰለ። ያ ጢም መርገፍ ጀመረ፤ አጸደ ጧት ጧት ከትራሱ ላይ እየለቀመች በጨርቅ ትቋጥረው ነበር። ለምን እንደምትቋጥረው ብጠይቃት «ምን ላርገው ታዲያ፣ ልጣለው?» አለችኝ። በዓመቱ አገጫቸው እንደ ሴት አገጭ ሆነ። እጃቸው ግን ልማዱን አልተወም፤ ነገር ሲያስቡ የሌለውን ጢም ከደረታቸው ላይ ይዳብሱ ነበር።

አገሬው ምክንያቱን ለማግኘት ድሬሰር አላስፈለገውም። ጉልላት ነክተው ተቀሰፉ፣ አለ። ሚካኤል በሰይፉ ጢማቸውን ላጨው፣ አለ። ያን ጉልላት እንዲያወርዱ የላካቸው ያው አገሬው መሆኑን ማንም አላስታወሰም። እሳቸው «የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልሁ» እያሉ በራሳቸው ይስቁ ነበር፤ ትከሻቸው ግን እንደ ድሮው አይንቀጠቀጥም።

የኅዳር ሚካኤል ለት ታቦቱን ተሸክመው ወጡ። ዙሩ ሳያልቅ ጉልበታቸው ከዳቸው። ሁለት ካህናት ከግራና ከቀኝ ደርሰው ያዟቸው፤ ታቦቱ መሬት አልነካም። እልልታው ግን እንደ ተቆረጠ ገመድ ቆመ። ያን ዝምታ የሰማ ሰው አይረሳውም። በማግሥቱ አለቃው ጠርተው «ልጄ፣ ጤናህ እስኪመለስ ከመቅደስ ቆይ» አሏቸው። አለቃው እያለቀሱ ነው የተናገሩት ብላኛለች አጸደ።

ከዚያ ወዲያ ቄስ እንዳላማው ቅዳሴ ሲገባ ከቅጽሩ ግንብ ሥር፣ ከውጭ ይቀመጡ ጀመር። ቁርስ የበላ፣ አራስ የሆነች፣ በሆነ ነገር መግባት የማይችል ሁሉ እዚያ ነው የሚቆመው። እኔም ሻይ ሳልጠጣ መንገድ ስለማልወጣ ዘወትር እዚያ ነበርኩ። «እህሳ አያ ኪኒን፣ አንተ በሆድህ እኔ በጉልበቴ ውጭ ቀረነ» ይሉኛል። ከውስጥ የቀዳሹ ድምፅ ሲመጣ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን ውስጥ ያለው ወጣት ቄስ አንዲት ቃል ዘለለ። ቄስ እንዳላማው እጄን ያዙና የዘለላትን ቃል ቀስ ብለው አሏት፤ ከዚያ ለረዥም ጊዜ ራሳቸውን አቀርቅረው ተቀመጡ። እጃቸው በረዶ ነበር። እኔ ያን ዕለት ይህን ሰው ጎንደር ሳልወስድ አልቀርም ብዬ ቆረጥሁ።

በእህል ማኪና ላይ ተጭነን ሄድን። ሐኪሙ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር፤ ጢም የሌላቸውን ቄስ ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። ዓይናቸውን፣ ቆዳቸውን፣ ብብታቸውን ሳይቀር አየ። መቼ እንደ ወደቁ፣ ከወደቁ በኋላ ውሃ ይጠማቸው እንደ ነበር ጠየቀ። ሁለተኛውን ጥያቄ ከየት አመጣው ብዬ ደነገጥሁ። ቀጥሎ እንድተረጉም ያዘዘኝ ግን ባስተረጎምሁበት ዕድሜዬ ሁሉ ያላሳፈረኝን አሳፈረኝ።

«አባ… ከባለቤትዎ ጋር… እንደ ወትሮው…»

ቄሱ አፈጠጡብኝ። «ይህን እኮ እኔ ነኝ አንተን የምጠይቅህ! ምነው ዛሬ ነገሩ ተገለበጠ?» አሉና ከብዙ ጊዜ በኋላ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከወደቅሁ ወዲህ እንደ እኅትና ወንድም ነን በለው» አሉኝ።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ ራስ ሣለ። ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ ጀርባ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች፤ ፒቱታሪ ይሏታል፤ የሰውነትን ሥራ ሁሉ የምታዝዝ እሷ ናት፤ ራሳቸው ሲመታ እሷ ተጎድታለች፤ ጢሙም፣ ብርዱም፣ ድካሙም ከእሷ ነው አለ። ተረጎምኩላቸው።

«ቅሥፈት አይደለም ማለት ነው?»

«አይደለም አባ። ቁስል ነው።»

«የሽምብራ ፍሬ!» አሉ ወረቀቱን እያዩ። «እግዜር ይህን ሁሉ ሥጋ በሽምብራ ፍሬ ላይ ነው የቋጠረው?» ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሁለት ዓመት ሙሉ መልአኩ ጠልቶኛል ብለው ሲኖሩ ለማንም አልተናገሩም ነበር።

ሐኪሙ ነጫጭ ኪኒን ሰጠን። በየቀኑ ጧት፤ ሲታመሙ እጥፍ። ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ የተናገረውን ቃል በቃል ተረጎምኩት፤ አንዴ ከጀመሩ በኋላ በድንገት ማቆም ይገድላል፣ አለ። «ሰማሁ» አሉ ቄሱ። እኔም ሰምቻለሁ።

በሳምንቱ ወደ ጽድ አምባ ስወጣ እንጨት ሲፈልጡ አገኘኋቸው። ብርዱ ለቋል፣ ንግግራቸው ፈጥኗል፤ ጢሙ ብቻ አልተመለሰም። አጸደ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። እንዲህ ያለ ቀን ለአንድ ድሬሰር ስንት ጊዜ ይመጣል? ነጭ ጋዋኔ ከሰማይ የወረደ መሰለኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ።

ምክንያቱም ከጉልበቱ ጋር ጥሙ ተመልሶ መጣ። እንደ መጀመሪያው፣ እንስራ በእንስራ። ኪኒን ልቀበል ጎንደር ስወርድ ለሐኪሙ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ዕጢዋ ውሃን የምትይዝበት ሥራም ተበላሽቷል፤ እስካሁን ጥሙን ሸፍኖት የኖረው ድካሙ ነው፤ ኪኒኑ ድካሙን ሲያነሣው ጥሙ ተገለጠ፤ ለጥሙ የሚሆን መድኃኒት እዚህ የለኝም፣ ይጠጣ እንጂ፣ አለኝ። እኔም ይህን ሁሉ፣ ዐዋቂነቴ እንዲታይ፣ ለቄሱ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ዝም ብሎ «ይጠጡ» ማለት ይበቃኝ ነበር።

ሰው ቢጠማው ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ቄስ ሊቀድስ ከሆነ ከዋዜማው ጀምሮ እህልም ውሃም ባፉ አይዞርም። በዐቢይ ጾም ደግሞ ቅዳሴው የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ቄስ እንዳላማው ቅል ከእጃቸው ከተለየ አንድ ሰዓት መቆየት አይችሉም። አለቃው ሰውዬውን አይተው «ጤናህ ተመልሷል፤ ደስ ብሎኛል። እየጠጣህ ግን መቅደስ አትገባም። ሥርዓቱ የኔ አይደለም ልጄ፣ የኔ ቢሆን በተውሁልህ» አሏቸው። ለፋሲካ ደርሰው ካልገቡ የሰሞነኝነት ተራቸው፣ የሚቀድሱበት ሳምንት፣ ለሌላ ካህን ሊሰጥ ሆነ። ተራው ከተሰጠ አይመለስም።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ መጡ። ሰው አልነበረም። ቅላቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«አያ ኪኒን፣ ኪኒኑን ባልውጠው ጥሙ ይተወኛል አይደል?»

መልሱን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። «ይተውዎታል። ግን አባ፣ ሐኪሙ ያለውን ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ። ለዘላለም አላልሁም። ለሰሙነ ሕማማት ብቻ ነው። ሐሙስ ቅዳሴ አለ፤ ዓርብ ስግደት ነው፤ እሑድ ይነጋል። ስድስት ቀን። ሁለት ዓመት ያለ ኪኒን ኑሬ የለም?»

«ያኔ አልጀመሩም ነበር።»

እጃቸው ወደሌለው ጢም ሄደ። «ስማኝ ልጄ። እዚያ ግንብ ሥር ተቀምጨ ቃሉን ስሰማ ምን እንደሚመስለኝ ታውቃለህ? የገዛ ቤቴ ውስጥ ሰው ሲበላ ደጅ ቁሜ እንደምሰማ ነው የሚመስለኝ። ዕድሜ አይደለም የምፈልገው። ግን ያንተን ቃል ሳልሰማ አላደርገውም፤ የሥጋዬ ሐኪም አንተ ነህ። አይሆንም ካልኸኝ እተወዋለሁ፤ ተራየም ይሂድ።»

ነገሩን ሁሉ በእኔ ላይ ጣሉት። አይሆንም ካልኩ እንደሚተዉት አውቃለሁ፤ ቃላቸው ቃል ነው። ኃጢአቴን ሁሉ የሚያውቁ፣ መስቀላቸውን ስሜ የማድር አባት ፊቴ ቆመው ፈቃድ ይለምኑኛል። እኚህን ሰው እወዳቸው ነበር፤ አሳዘኑኝም። ግን እውነቱን ልናገር ካልሁ፣ መለመኔም ደስ አሰኝቶኝ ነበር።

«ለሰሙኑ ብቻ ከሆነ ግድ የለም አባ» አልኩ። «እስከ ፋሲካ ይተዉት። ሲነጋ ይጀምራሉ።»

ተነሥተው ራሴን ሳሙኝ። ቅላቸውን ረስተው ሄዱ።

ረቡዕ ለት ከጽድ አምባ የመጣች በሽተኛ መልእክት አደረሰችኝ። «ቄሱ ‹ጥሙ ለቀቀኝ በይው› ብለውሃል» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ከደስታዬ ሥር ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ጉልበቱስ? ብዬ አልጠየቅኋትም።

ሐሙስ ሻዬን ሳልጠጣ ወጣሁና ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። መጋረጃው ተገልጦ ቄስ እንዳላማው «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ ሕዝቡ ለመመለስ ጥቂት ዘገየ። ድምፃቸው እንደ ድሮው ወፍራም አልነበረም፤ የቀጠነ ግን የጠራ ነበር። አጠገቤ ያሉት አሮጊት እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። አንዲት ቃል አልዘለሉም። ሲወጡ ቅጽሩ ውስጥ አገኘኋቸው፤ ከንፈራቸው አመድ መስሏል፣ ግድግዳውን ተደግፈዋል፣ ፊታቸው ግን እንዲያ ሲበራ ዓይቼው አላውቅም።

«ገባሁ እኮ» አሉኝ። «አያ ኪኒን፣ ገባሁ እኮ።»

ያኔ ነበር እንግዲህ በቃ ማለት የነበረብኝ። ዛሬ ያን ግድግዳ ሳስበው አብሬያቸው እቆማለሁ፣ ኪኒኑን ከኪሴ አወጣለሁ፣ ሲከራከሩኝ እቆጣለሁ። ያን ዕለት ግን «እንኳን ደስ አለዎ አባ» ብዬ እጅ ነሣሁ።

የስቅለት ለት ከጧት ጀምሮ ሕዝቡ ይሰግዳል። እሳቸውም ከሌሎቹ ጋር ይሰግዱ ነበር። እኔ በሰገድኩ ቁጥር በዓይኔ ጠርዝ አያቸዋለሁ። መጀመሪያ ፈጥነው ይነሡ ነበር፤ ቀጥሎ በእጃቸው መሬቱን እየገፉ፤ ቀጥሎ ሰው እየደገፋቸው። ወደ ማብቂያው ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ተሰለፉ፤ ምእመኑ በየተራ ጎንበስ እያለ ጀርባውን ይጠበጠባል፣ የሚሰግደውም ይታዘዝለታል። እኔ ወደ እሳቸው ተሰለፍኩ። ስደርስ ቀና ብዬ አየኋቸው። ላብ ፊታቸውን አጥቦታል፤ ወገራ ብርድ ላይ።

«አባ፣ አሁኑኑ ይዋጡት» አልኩ በሹክሹክታ። «ቦርሳዬ ውስጥ ይዠዋለሁ። እለምንዎታለሁ።»

ፈገግ አሉ። «አንተው አይደለህ የፈቀድኸው? አንድ ቀን ነው የቀረኝ።»

«ተሳስቻለሁ አባ።»

የወይራውን ቅጠል ጀርባዬ ላይ ቀስ አድርገው አሳረፉት። «አርባ አንድ ስገድ» አሉኝ። ከኋላዬ ያለው ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገ፤ ሰልፉ ረዥም ነበር።

መጮህ እችል ነበር። ጎትቼ ላወጣቸው፣ ጠበል አስመጥቼ በሰው ፊት ላስውጣቸው እችል ነበር። በስቅለት ቀን ካህን ከሰልፍ ያወጣ ድሬሰር ተብዬ መቅረቴ ነዋ! አፈርኩ። ከጽዱ ሥር ሄጄ የታዘዝኩትን መስገድ ጀመርኩ። ስንት እንደ ደረስኩ ዛሬም አውቀዋለሁ፤ ሃያ ስድስት። ሃያ ሰባተኛውን ልሰግድ ግንባሬ መሬት ሲነካ ሕዝቡ አንድ ላይ «ውይ!» ሲል ሰማሁ።

ኪኒኑን ፈጭቼ በውሃ በጥብጬ በከንፈራቸው አፈሰስኩ። ተመልሶ በጉንጫቸው ወረደ። ደግሜ አፈሰስኩ። አለቃው የቄሱን ራስ ደግፈው ይዘው «ዋጥ አርገው ልጄ፣ ዋጥ አርገው፣ እኔ ፈትቸሃለሁ» ይሏቸው ነበር። አልሰሙም። ቅዳሜ ጧት ካህናቱ ቄጤማ ይዘው ሲወጡ አረፉ።

አገሬውም ወሬውን ገለበጠው። ትናንት የተቀሰፉት ቄስ ዛሬ ቅዱስ ሆኑ። በሕማማቱ ሰግዶ መሞት ለማን ይታደላል? ተባለ። ራሱን የሚያመው ከመቃብራቸው አፈር እየቆነጠረ ግንባሩን ይቀባ ጀመር፤ ግንባራቸው አፈር እንደነካ ወደ ክሊኒክ የሚመጡ ነበሩ፤ ያን አፈር በጥጥ የምጠርግ እኔ ነበርኩ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ አጸደ መጣች። ቀኑ ገበያ ነበር፤ በሩ ክፍት ነው፣ ደጁ በሰው ተሞልቷል፤ ከፊት ለፊት አለቃው ለሳላቸው መድኃኒት ሊቀበሉ ተቀምጠዋል። ጥቁር ለብሳለች። የኪኒኑን ጣሳ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«ለሌላ በሽተኛ ይሆን እንደሁ ብየ ነው» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ ምን አስደበቃት፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ ወንድሜ። ሰኞ ለት ኪኒናቸውን ሳቀርብላቸው ‹አያ ኪኒን እስከ ፋሲካ ተወው ብሎኛል› አሉኝ። እንዲያ ብለሃቸው ነበር?»

አለቃው ቀና አሉ። ጋዋኔ ታየኝ፣ ጎንደር ያሉት አለቆቼ ታዩኝ፣ እስር ቤት ታየኝ።

«አላልኩም» አልኩ። «እንዴት ብዬ? አንድ ቀን እንኳ እንዳይተዉት ነው የነገርኳቸው።»

አጸደ ትክ ብላ አየችኝ። የተጠራጠረችኝ መስሎኝ ነበር። ብትጠራጠረኝ በወደድኩ። ግን አመነችኝ፤ ባሏን ያዳንኩላት ሰው ነበርኩና።

«እንግዲያ ዋሹኝ» አለች። «እኔ እኮ ተፈቅዶላቸው መስሎኝ ነው ዝም ያልሁ። ባውቅ እጄን ካፋቸው ከትቸም ቢሆን አስውጣቸው ነበር።» በቀስታ ተነሣች። «አሥራ ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ዋሽተውኝ አያውቁም። አንድ ቀን ዋሹኝ፤ እሱንም ጥለውኝ ሊሄዱ።»

በሩ ጋ ስትደርስ አለቃው መስቀላቸውን ዘረጉላት፤ ሳትሳለም አልፋ ወጣች። ሮጬ ብደርስባት አምስት እርምጃ አይሞላም ነበር። እኔ ግን የሚቀጥለውን በሽተኛ ጠራሁ።